ቀዩ መኪና ወይስ ነጩ

ከከዚራ ወደ መጋላ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ልጃቸውን ለማግባት ደጅ ለሚጠናቸው አዛውንት ከአሮጌ የፈረንጅ መጽሔት ላይ የእሽቅድምድም መኪኖች ያሳያቸው ነበር።

«ቀዩ የጣሊያን ነው ጋሼ፤ ነጩ የጀርመን። በፍጥነት ቀዩን የሚደርስበት የለም።»

«የት ሊደርስ ነው እንዲህ የሚፈጥነው?»

«ሐረር! በሃያ ደቂቃ!»

«በዚህ መሬት በሚነካ ሆዱ? ገና ደረቁን የደቻቱ ወንዝ ሳይሻገር አሸዋው ይውጠዋል።»

«እሺ፣ ነጩ ይሁን። እሱ ቤንዚን ብዙ አይጠጣም።»

«የወር የቤንዚን ኩፖንህን ከዚህ እስከ ባቡር ጣቢያው ይጨርስልሃል።»

«ግን ወላሂ፣ መልሰው ሲሸጡት ዋጋው አይወርድም!»

«ለማን ልትሸጠው? ለቀበሌው ሊቀመንበር?»

ሾፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

«ለመሆኑ አንተ ምን ትነዳለህ?» አሉት አዛውንቱ።

«ብስክሌት።»

«የራስህ ነው?»

ወጣቱ መጽሔቱን አጠፈ።

«የወንድሜ ነው።»

«አቦ! ከተሳፈርን ጀምሮ አንድ እውነት ተናገርክ።»

«ታዲያ የልጅቷ ነገርስ ጋሼ?»

«ሽማግሌ ላክ። ብቻ መኪና የማያውቁ ሰዎች ይሁኑ።»

እኔም ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነክሼ ፊቴን ወደ ደቻቱ አሸዋ አዞርኩ።