በኦቦ ኢዶሳ ጭንቅላት ውስጥ የነበሩት ቁጥሮች

በ1981 ዓ.ም. የካቲት ወር አምቦ አውቶቡስ ተራ ሳልፍ፣ የሥራ ባልደረባዬ ኦቦ ኢዶሳ ከጌዶ ከመጣው አውቶቡስ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ወንድማቸውን በቀበሩ ማግስት ነበር።

«ምነው ኦቦ ኢዶሳ፣ ሠልስቱ እንኳ ሳይወጣ?» አልኳቸው።

«ኮምፒውተሩ አስቸገረ ብለው ላኩብኝ» አሉ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር ያናድደኛል። የኮምፒውተሩ አሠራር ደግሞ የትም አልተጻፈም ነበር። አብሬያቸው ወደ ዘር ሙከራ ጣቢያችን ሄድኩ።

የጣቢያው ኮምፒውተር የችግኝ ክፍሉን ማሞቂያ ያበራል፣ ያጠፋል። ፕሮግራሙ ይህን የሚያደርገው በአንድ ልዩ ፋይል በኩል ነው። ፋይል ይባል እንጂ ጽሑፍ የለበትም፤ በር ነው። ፕሮግራሙ በዚያ በር ወደ ማሽኑ አንጎል ገብቶ፣ ሬጅስተር በሚባሉት ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ቁጥር ያስቀምጣል። በየትኛው ሳጥን ምን ቁጥር እንደሚገባ የሚያውቁት ግን ኦቦ ኢዶሳ ብቻ ነበሩ።

ካሰች፣ አዲስ አበባ ተምራ የመጣችው ወጣት ባለሙያ፣ ከጠወለጉት ችግኞች አጠገብ ቆማ ጠበቀችን። የሦስት ዓመት ሙከራ ግማሹ ጠፍቷል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሳጥኖቹ ባዶ ሆነውባት፣ እየሞከረች ቁጥር አስገብታ ማሞቂያው በስድስት ሰዓት እንዲጠፋ አዘዘች፤ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ማለዳ ማለቷ ነው። ኦቦ ኢዶሳ ግን በባትሪ የሚሠራውን የማሽኑን ሰዓት በእኛው አቆጣጠር ሞልተውት ኖሯል። ማሞቂያው ከፀሐዩ ጋር ተደርቦ እስከ ቀትር ሲነድ ቆየ።

ሽማግሌው ተቆጡ፤ ማን ንኪ አለሽ አሏት። ባትነካውማ ብርዱ ይጨርሰው እንደነበር በትሕትና አስረዳቻቸውና ሁሉንም እንዲያጽፏት ለመነቻቸው።

«ወረቀት ላይ ካወረድኩት በኋላ እኔ ለማን እፈለጋለሁ? ይህ እኮ እንጀራዬ ነው፣ ልጄ» አሏት።

«ስላልተጻፈ ነው ከወንድምዎ ለቅሶ የተነሡት» አለች ካሰች። «አርባው ገና ይመጣል። ያን ቀንም መብራት ይሄዳል።»

ኦቦ ኢዶሳ ችግኞቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ቶሌ፣ እሺ። ደብተር አምጪ» አሉ። «ከሁሉ በፊት ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ጻፊ። እሱን አለመንገሬ የእኔ ጥፋት ነው።»

ከዚያ የበሩን ስም፣ የሳጥኖቹን ተራ፣ የሚገባውን ቁጥርና ምክንያቱን ነገሯት። ሁለት ጊዜ መልሳ እንድታነብላቸው አደረጉ። ለመጠባበቂያ በፖስታ ተቀምጦ የነበረው ዘርም እንደገና ተዘራ።

በአርባው ኦቦ ኢዶሳ ጌዶ ሄዱ። እንደተፈራው መብራቱ ሁለቴ ጠፋ፤ ካሰች ደብተሩን ገልጣ ሁለቴም አስተካከለችው። አንድም ችግኝ አልሞተም። ከጊዜ በኋላም፣ ማን ይፈልገኛል ብለው የሰጉትን ሽማግሌ፣ ጌዶ መንገድ ላይ ያለ ሌላ ጣቢያ ኮምፒውተር ሲገባለት፣ ደብተሩን ይዘው መጥተው እንዲያስተምሩ ጠራቸው። የምታውቁትን የምትደብቁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ፤ የተጻፈ ዕውቀት ሥራውን ያድናል፣ ባለቤቱንም ያሳርፋል።

ኦቦ ኢዶሳ ከአርባው በአራተኛው ቀን ከጌዶ ሲመለሱ፣ ገና ከበር ሳሉ ምን እንደተበላሸ ጠየቁኝ። «ምንም አልተበላሸም» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እኔም ወንድሜን እስኪወጣልኝ አለቀስኩት» አሉ።