ዘፈኑ ሲቆረጥ

ከነገሌ ወደ ክብረ መንግሥት በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ ቱታ የለበሰ ወጣትና አንድ የቦረና ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ጉልበቱን ያሻል።

«አካም፣ ልጄ! ምን ሆንክ?»

«ናጋ፣ አባባ። ጠዋት እስኪያስመልሰኝ ሮጬ ነው።»

«ማን አባሮህ?»

«ኧረ ማንም! ለልብ ጥሩ ነው ስለሚሉ ነው።»

«ማስመለሱ?»

«መሮጡ ነው እንጂ! የቱ ጋ በቃኝ እንደምል ግን አላውቅም።»

«እኛ ከኤላ ውሃ ስናወጣ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ከታች እስከ ላይ ቆመን ባልዲ እየተቀባበልን እንዘፍናለን።»

«እንዳይደክማችሁ?»

«ለእሱም ነው። ደግሞ የሚዘፍን ሰው ገና አቅም አለው። ዘፈኑ ከአፉ ሲቆረጥ ግን እሱ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል።»

«አልወጣም ካለስ?»

«አንድ ጉልበተኛ እንደዚያ ብሎ፣ ባልዲውን ሙሉ ከታች ባለው አማቹ ራስ ላይ ደፋው።»

«ማን ነው እሱ?»

«እኔ ነኛ!»

«በቃ፣ ከነገ ጀምሮ እየዘፈንኩ ነው የምሮጠው።»

«ድምፅህ እንዴት ነው?»

«አይረባም።»

«እንግዲያማ ከከተማ ራቅ ብለህ ሩጥ።»

እኔም ከኋላቸው ቁጭ ብዬ፣ ለነገ ጠዋት ሩጫዬ የሚሆነኝን ዘፈን በልቤ መምረጥ ጀመርኩ።