ጭቃው ገና አልደረቀም

ተቀመጡ፤ አላረዝምም። እኔ አገኘሁ የምባለው፣ የቅርጻ ቅርጽ ክፍሉ ጭቃ አቡኪ፣ መምህርት የሺመቤትን በስድስት ዓመት እበልጣቸዋለሁ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ የቀረሁት የተወለድሁበትን ዓመት የሚያውቅ ስለጠፋ ነው። የቢሮ ሰዎች እንዳይሰሙ።

መምህርት የመጡ ዕለት ከአዲስ አበባ በአይሱዙ የጄሶ ሐውልት አስጭነው ነበር። ሣጥኑን ብከፍት ሰውዬው ራስ የለው፣ ክንድ የለው፤ እግሩን ከፍቶ ቆሟል። መንገድ ላይ ተሰብሮ ነው ብዬ አዘንሁ። እንግዳ ሰው በመጡበት ቀን አይፈሩ ብዬ ምሳ በልተው እስኪመለሱ በጭቃ ራስ አበጀሁለት። ጢምም ጨመርሁ።

«ይሄ ማነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ሰውዬ ነዋ።»

«ጋሼ፣ ይሄን ያለ ራስ የሠራው ሮዳን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። መራመዱን ብቻ እንድናይ።»

«ታዲያ የሚሄድበትን በምን ያየዋል?»

የጭቃው ከረጢት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ራሱንም ተማሪ ይየው ብለው ሳምንት አላስነሡኝም።

ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት። ስብሰባ ላይ የዲኑን ፊት ትክ ብለው ሲያዩ፣ ዲኑ የሚያዳምጡት ይመስለዋል፤ እሳቸው አገጩን እየለኩ ነው። ተማሪ የሐውልት ፎቶ በስልኩ ሲያሳያቸው «እስቲ ጀርባውን አዙርልኝ» ይላሉ።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ሁዶን የሚባለው የጥንት ፈረንሳዊ ቀራጺ በእብነ በረድ ላይ ዓይን እንዴት እንዳበራ ግን ጠይቁኝ። ብሌኑን ፈልፍሎ ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ የድንጋይ ፍንጣሪ ሳይነካ ይተዋል፤ ብርሃን እሷ ላይ ያርፋል። ይህን በእረፍት ሰዓታቸው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጭቃ አቡኪ ምን ያደርግለታል አላሉም። አመሰግናለሁ። ይህን ቃል ከአፌ ብዙ አትሰሙትም።

አሁን ወደ ጠቤ ልምጣ። ክፍላችን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ የለበሰች የጭቃ ሴት አለች፤ ከደቅ ደሴት በታንኳ የምትመጣ፣ መቅዘፊያ የያዘች። መምህርት የጀመሯት ናት። ጭቃ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ጨርቁን ጠዋት ጠዋት የማረጥበው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ጋሼ፣ ያፍርሷት። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እኔ ከሄድኩ ማን ያረጥባታል?»

መምህርት፣ ካሚል ክሎዴል የምትባለው ፈረንሳዊት ቀራጺ የገዛ ሥራዋን ሰባበረችው ብለው ሲያስተምሩ በየዓመቱ ድምፅዎ ይቆረጣል። በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ለእሷ ያዘነ ሰው እኔን አፍርስ ይለኛል?

አላፈረስሁም። ዛሬም አርጥቤያት ነው የመጣሁ። ከሰኞ ጀምሮ ክፍሉን የምትረከበው ተማሪዎ ሩሐማ ናት፤ ጠይቄያት፣ «በሩ ለመምህርት አይዘጋም» ብላኛለች። እጅዎ ቢንቀጠቀጥ ክንድዎን እኔ እደግፋለሁ። የጭቃዋ ሴት የቀራት ራስ ብቻ ነው።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። ለመምህርት የሺመቤት እጆች! እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልን፤ ገና የሚወጡት ደረጃ አለ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጨርቁን ገልጬ እጠብቅዎታለሁ። ከቀሩ ራሷን እኔ እሠራለሁ።

ጢሙንም አልተውም።