የሎኮ ቃርሚያ

እኛ ማረስ በጀመርንበት ዘመን፣ ልጄ፣ ቃርሚያ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ስንዴው ታጭዶ ነዶው ወደ አውድማ ከሄደ በኋላ፣ ከማጭድ ያመለጠው፣ ከሸክም የወደቀው ዛላ መሬት ላይ ይቀራል፣ እሱ ነው ቃርሚያ። ባለመሬቱ አያነሳውም፣ ልጁም አያነሳውም። መሬት የሌለው ሰው መጥቶ ይለቅመዋል፣ አያስፈቅድም፣ አያመሰግንም። አንቺ ልጅ ሆነሽ በቀሚስሽ ለቅመሽ ብትመጪ ተቆጥቼ አስመልሼሻለሁ። ምክንያቱን አልነገርኩሽም።

ታዲያ ወታደር ሆኜ የነበርኩበት ጦር ሲበተን እዚሁ ነገሌ ዳር መሬት ይዤ ቀረሁ፣ እና በኋላ እናትሽ ሞተች፣ አንቺም አግብተሽ ሐዋሳ ገባሽ፣ እና ቤቱ ዝም አለ። ያን ጊዜ ሎኮ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት ነበረችኝ። አጨዳ ባለቀ ማግስት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትመጣለች። «አካም፣ የአለም አባት፣ ናጋ?» ትለኛለች፣ በአንቺ ስም እየጠራች፣ እንዴት ነዎት፣ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው። «ናጋ» እላታለሁ። በቃ። ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፣ እኔ ነዶ እሸከማለሁ፣ እና ስትስል እሰማለሁ። ሰው አለ ማለት ነው፣ ገባሽ?

ታዲያ አንድ ዓመት ዝናብ ቀረና ዛላው ሳሳ። ሎኮ ቀኑን ሙሉ ለቅማ አንድ እፍኝ ይዛ ሄደች። አዘንኩ። ነዶ ተሸክሜ ደጇ ሄድኩና «እንኪ» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እሷ ነዶውን አየች፣ እኔን አየች።

«ደጅዎ ቆሜ ለምኜ አውቃለሁ?»

«አይ፣ ዛላው ስላነሰ...»

«ወገቤ ጎብጦ የለቀምኩትን ነው የምበላ። ይውሰዱት።»

እና ያንን ነዶ በትከሻዬ ይዤ መንደሩን አቋርጬ ተመለስኩ። የቀበሌው ዘበኛ «አባባ፣ አጨዳው ገና አላለቀም እንዴ?» ይለኛል። ነዶውን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩና አለፍኩት።

በሚቀጥለው አጨዳ አልመጣችም። ሆን ብዬ ዛላ ጣልኩ፣ ብዙ ጣልኩ፣ እና የሰው ፍየል በላው። ማንም ናጋ ሳይለኝ ወቅቼ ጨረስኩ። ማታ ቤት ገብቼ ራሴን «ናጋ?» ስል ሰማሁት፣ ደነገጥኩ።

ታዲያ ከዚያ ወዲያ ወንድሟ ከአሬሮ በሬ አምጥቶ ከቤቷ ጀርባ ትንሽ ስንዴ ዘራላት። ታጨደ። ማግስቱን ከረጢቴን ይዤ መሬቷ ገባሁና ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴ ይንቋቋል። ወጣች።

«የአለም አባት፣ ምን ጠፋብዎ?»

«ምንም። እቃርማለሁ።»

«አንቱ? ጎተራ ሙሉ እህል እያለዎት?»

«ጎተራው ናጋ አይለኝም» አልኳት።

 በእጇ እያመለከተች «እዚያ ጥጉ ጋ ያለውን አላዩትም» አለችኝ። ሄጄ አየሁ፣ ማጭድ ያልነካው አንድ ሁለት ክንድ ስንዴ ቆሟል። ማን እንዲለቅመው እንደተወችው አልጠየቅኳትም። አጨድኩት አልልሽም፣ በእጄ አንድ አንድ እያልኩ ለቀምኩት፣ እንደ ቃርሚያ። በሚቀጥለው ዓመት እሷም ወደኔ መጣች፣ «አካም» አለች፣ እና ከዚያ በኋላ ስድስት አጨዳ አብረን አሳለፍን። ከናጋ በላይ ብዙም አልተነጋገርንም።

አሁን ልጇ ተልተሌ ወስዳታለች። ዓይኗ ደክሟል አሉ። እኔ ግን ዛላውን አላነሳም። ወፍ ይበላዋል፣ ይብላው።

*ልጃቸው አለም እዚህ ላይ «አባባ፣ ዘንድሮ ለአጨዳ እመጣለሁ፣ እኔ እቃርመዋለሁ» አለቻቸው።*

አንቺ? አንቺማ የባለመሬቱ ልጅ ነሽ፣ አይሆንም። ከመጣሽ ማጭድ ትይዣለሽ። ጠዋት ስትገቢ ግን፣ ማሳው ዳር ቁሚና «አካም» በይኝ።

*ይህን ብለው ሳቁ። እኔ ጎረቤታቸው ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።*