ሼፐሩን በእጅ ያዞርንበት ቀን

በደርግ ጊዜ ነው፤ ልደታ አንድ ብረታ ብረት ቤት ሼፐር በሚባለው ብረት መላጊያ ማሽን ላይ እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ጋሽ ተሰማ አንድ ከባድ ማርሽ እንደ ሕፃን ታቅፈው እየሮጡ ገቡ። «የሊጥ ማቡኪያው ነው! ውስጡ ተበልቶ ዘንጉን አልይዝ አለ። ዳቦ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ደጄ ላይ ቆሟል፤ ምን ልበለው?» አሉኝ። እኔም ማርሹን ሼፐሩ ላይ አስሬ፣ ከተበላው ቦይ ፊት ለፊት፣ ማርሹን ከዘንጉ ጋር የምታስረው ብረት የምትገባበት አዲስ ቦይ ማውጣት ጀመርኩ። ስለቱ በማርሹ ቀዳዳ ውስጥ እየተመላለሰ ብረቱን ይልጣል። ቦዩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የሼፐሩ ሞተር ጨሰና ቀጥ አለ።

«አለቀልን!» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ቆይ ጋሼ፣ ሼፐሩን የሚያዞረውን ቀበቶ የሚስብ ሰው ካለ በእጅም ይዞራል» ስላቸው ብን ብለው ወጡ። ሲመለሱ ሰልፈኛውን በሙሉ አስከትለዋል! ጎረምሶቹ ቀበቶውን ያዙ፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አገልድመው «ሳብ! በል ሳብ!» ይላሉ። ስለቱ እንደገና ብረቱን ሲነክስ፣ «ቀስ! አትንጠቁት!» እያልኩ እጮሃለሁ። ቦዩ አለቀ። ያቺን ማሰሪያ ብረት ቦዩ ውስጥ ብሞክራት ልክክ አለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ማርሹን ተሸክመን ዳቦ ቤቱ ደረስን። ማቡኪያው ሲዞር ሁሉም ተቃቀፈ፤ ወረፋው ግን ፈርሷል። «ማን ነበር መጀመሪያ?» ቢሉ ጋሽ ተሰማ፣ እኒያ እናት ክንዴን ይዘው ከፊት አቆሙኝና «እሱ ነው!» አሉ። አንድም ሰው አልተቃወመም።