የኢድ ቀለም

እትዬ ዘይነባ ሆሳዕና ውስጥ ልብስ ይሸጣሉ። የኦንላይን ሱቃቸውን ገጽታ ስሠራላቸው፣ «አደራ፣ ለትንሽ ለትልቁ አንተን እንዳልለምን አድርገህ ሥራልኝ» ብለውኝ ነበር። እኔም ቀለሙንም ፎቶውንም ከስልካቸው ራሳቸው እንዲቀይሩት አድርጌ አስረከብኳቸው፤ መቻላቸውን ግን እንጃ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን መንገድ ላይ መኪናችን አዲሎ ከተማ ላይ ሲቆም ሱቁን በስልኬ ብከፍተው፣ ነጭ የነበረው ገጽ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከላይ ጨረቃና ኮከብ ተለጥፎበታል። ሰው ጠልፎት ነው ብዬ ደንግጬ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ሱቁን ምን ነካው?»

«ነገ ኢድ አይደል እንዴ? እኔው ነኝ ያስጌጥኩት!» አሉ እየሳቁ። «ሰዉም ከጠዋት ጀምሮ ቀሚስ እያዘዘ ነው።»

ሳቄ መኪናውን ሞላው። ስልኩን ልዘጋ ስል፣ «ቆይማ ልጄ» አሉኝ፣ «ለእናንተ መስቀል ደግሞ ቢጫ አደርገዋለሁ።»