የባለቤቴ ሪፈርና የተዘጋው መንገድ

የሱሉልታ ወጣቶች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው መንገዱን በድንጋይ በዘጉበት ጠዋት ባለቤቴን ትርፍ አንጀት ያዛት። እኔ የጤና መድህን አባል ስለሆንኩ አልደነገጥኩም። በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ሥርዓት አይደለምና መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስጄ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ባለማህተም ሪፈር አጻፍኩላት። በጎረቤታችን ሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ድንጋዩ ጋ አንድ ረጅም ወጣት አስቆመን።

«ኦቦ፣ በጫንጮ በኩል ክፍት ነው። ለምን በዚያ ወዳለ ሆስፒታል አይወስዷትም?»

«መድህናችን ውል ያለው ከአዲስ አበባው ሆስፒታል ጋር ነው፤ በዚያ በኩል ሕመሟ አይታወቅልንም» አልኩት፤ የሪፈሩንም ማህተም አሳየሁት።

ባለቤቴ ከኋላ «አንተ ሰውዬ፣ እየሞትኩ እኮ ነው» አለች።

ወጣቱ ወረቀቱን ትቶ እሷን አየ። ጓደኞቹን ጠራና ድንጋዩን አንከባለሉልን። አመስግኜ ልሄድ ስል ወደ ፊት መንገዱን ደግሞ የዘጋ የሚነድ ጎማ ጭስ ታየኝ፤ ወደ ወጣቱ ዞርኩ።

«ወንድሜ፣ እዚያ ጋ ለዘጉት ልጆች የማሳየው ሪፈር ጻፍልኝ። ማህተም ባይኖረው ፊርማህ ይበቃል።»

ወጣቱ አልሳቀም። ጋቢናውን ከፍቶ ሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠና «ሪፈሩ እኔ ነኝ፤ ንዳው» አለ።